የማኅበረሰብ ዊኪ ባለቤት ማን ነው? የቀድሞ ኮምፒውተሮች ዕውቀት አያያዝ እንደ ማሳያ

መግቢያ

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ቀረበ፤ አምራቹ ኩባንያ ግን በ1994 ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽኑ ያለው ተግባራዊ ዕውቀት በአብዛኛው የሚገኘው በአፍቃሪዎቹ እጅ ነው። ይህ ዕውቀት ለትዝታ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ለምሳሌ፣ ከማሽኑ ጋር የተሸጠው የኃይል ማቅረቢያ ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ በመልቀቅ የማስታወሻ ቺፖችን ሊያቃጥል ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው አርባ ዓመት የቆየውን ማሽን ለከባድ ጉዳት ይዳርጋል። አባላት በጋራ የሚጽፉትና የሚያርሙት ዊኪ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለማሰባሰብ ተስማሚ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ዊኪ በእርግጥ የማኅበረሰቡ ነው የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ ይመረምራል።

የዊኪትራቭል ተሞክሮ

በ2003 የተጀመረው የተጓዦች መመሪያ ዊኪትራቭል በ2006 ለንግድ ድርጅት ተሸጠ። በሽያጩ ያልተስማሙ፣ በተለይ የጀርመንኛው ክፍል ጸሐፊዎች፣ በዚያው ዓመት ዊኪቮያጅን መሠረቱ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ጸሐፊዎችም ተከተሏቸው፤ ዊኪቮያጅም በ2013 በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሥር ሥራውን ቀጠለ። ጸሐፊዎቹ ጽሑፉን ይዘው መውጣት የቻሉት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ነፃ ፈቃድ የወጣ ስለነበር ነው። ስሙና የድረ ገጹ አድራሻ ግን ከገዢው ጋር ቀሩ። ከዚህ የምንረዳው ፈቃድ ጽሑፍን እንጂ ስምን እንደማያድን ነው።

ሦስት መመዘኛዎች

አንደኛው ፈቃድ ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ ሥራው በነፃ ፈቃድ እንደሚወጣ ከመነሻው መስማማት አለበት። ኩባንያው ስለ ከሰረ ብቻ የቀድሞ መመሪያ መጻሕፍቱ ከቅጂ መብት ነፃ እንደማይሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር የገጾችን ጽሑፍ ከነለውጥ ታሪካቸው ለማውጣት ያስችላል፤ ሥዕሎች ግን ለብቻቸው መቀዳት አለባቸው። በሌላ ማሽን ላይ ተጭኖ ያልተሞከረ ቅጂ አስተማማኝ አይደለም።

ሦስተኛው ስም ነው። የድረ ገጹ አድራሻ መመዝገብ ያለበት ክፍያውን በሚፈጽመው ግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉም ከአንድ ሰው በላይ እጅ ሊኖር ይገባል። አለበለዚያ የአንድ ሰው መታከት ወይም ሞት የሁሉንም ድካም ከንቱ ያደርጋል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የዩኒኮድ 3.0 እትም በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል እስኪያካትት ድረስ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እርስ በርስ የማይግባቡ የኮድ አመዳደቦችን ይጠቀሙ ነበር። በዚያን ጊዜ የተተየበ ሰነድ ተገቢው ፎንት ወይም የኮድ ሰንጠረዥ ከሌለ የማይነበብ የምልክት ክምር ነው። የእነዚህን ሶፍትዌሮች አሠራር የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ስላሉ ዕውቀታቸውን በዊኪ ማሰባሰብ ይቻላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ገጽ ከመጻፉ በፊት የፈቃዱ፣ የቅጂውና የስሙ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።