የሐይቅ ዳር መናፈሻና የደንገል ታንኳ

መናፈሻ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አግዳሚ ወንበር፣ አበባና የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ነው። ቦታው የውሃ ዳር ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት፤ ይኸውም መናፈሻው ሳይታሰብ በፊት እዚህ ዳርቻ ማን ምን ይሠራ ነበር? የሚለው ነው።

ጣናን እንውሰድ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከረግረጉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያም እየታሰረ ታንኳ ይሆናል። በዚህ ሙያ በተለይ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ የታንኳው ዕድሜ አጭር ነው፤ ባለሙያው ቶሎ ቶሎ አዲስ መሥራት አለበት። ልብ በሉ! ዕውቀቱን ከመረሳት ያዳነው ይኸው ይመስለኛል። ልጁ ደጋግሞ ያያል፣ ደጋግሞ ያስራል። (እኛ እጩ መምህራን በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ የምንለፋበት ነገር እዚያ ሜዳ ላይ አለ።)

አሁን ዳርቻው ተመንጥሮ የድንጋይ ግንብ ተሠራበት እንበል። ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፣ ደስም ይላል። ግን ደንገሉ ሄደ፤ ማስጫው ሜዳ ሲሚንቶ ለበሰ፤ ታንኳው ተስቦ የሚወጣበት ዳር ታጠረ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ የሲሚንቶ ታንኳ ቢገተር ለማን ይጠቅማል? ደንገል ደግሞ ዓሣ ይራባበታል፣ ወፍ ይጠለልበታል፣ ደለልም ይይዛል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው ከነዳርቻው ነው።

መናፈሻ አይሠራ ማለታችን አይደለም። ከባሕር ዳር ከተሞች የዛንዚባርን የፎሮዳኒ መናፈሻ ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ታድሶ ሲከፈት ግንቡ ተጠግኗል፣ መብራት ገብቷል፤ ሆኖም ማታ ማታ ዓሣ የሚጠብሱትና ሸንኮራ የሚጨምቁት ነጋዴዎች ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ያገሬው ሰው ከእንግዳው ጋር እዚያው ይበላል፤ ጎረምሶችም ከግንቡ ላይ ወደ ባሕር እየዘለሉ ይዋኛሉ።

በጣና ቢሆንስ? ደንገሉ እንዳለ ይቀመጥና የእግር መንገዱ ከኋላው ይለፍ። ወንበሩ ማስጫውን ሜዳ ዞሮ ጥላ ሥር ይደርደር፤ የሚናፈሰው ሰው ሥራውን እያየ ይቀመጣል። ታንኳ የሚወጣበትም ዳር ክፍት ይሁን። ከባለታንኳው የመግቢያ ዋጋ ከተጠየቀማ ነገሩ አበቃ!

ለመልመጃ ያህል፦ በሚቀርባችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ጧትና ማታ ቆማችሁ የሚያጥበውን፣ የሚያጠምደውን፣ ከብት የሚያጠጣውን፣ የሚጫወተውን በንድፍ ካርታ አስፍሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ አግዳሚ ወንበር ሣሉበት።