«እርምጃ ተወስዶበታል» — ማን ወሰደ?

የዚህ እትም ትምህርት ሲጀምር የሰዋስው ይመስላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የመንግሥት አካላት ሲጻጻፉ «ገደልን» ማለት አይወዱም ነበር። «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል» ይባል ነበር። ግሡ ተደራጊ ስለሆነ አድራጊው አይታይም። ማን አዘዘ? ማን ተኮሰ? ሬሳውን ማን ጫነ? የጥይት ዋጋ ክፈሉ ብሎ ቤተሰቡን የጠየቀውስ ማን ነው? አንዲት «ተ» ስንት ሰው ደበቀች!

ይሁን እንጂ የደበቀው ወረቀት መልሶ አጋለጠ። ገዳዩ ለበላዩ ሪፖርት ማድረግ ስላለበት ስም ዘረዘረ፣ ማኅተም መታ፣ ፈረመ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከሦስት መቶ ሺህ ገጽ በላይ ሰነድ ሰብስቧል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባል፣ እሱ ራሱ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዚችው በናይሮቢ በኩል አልፎ ዚምባብዌ ገብቶ ነበር። «ሟቾቹ የአንድ ዘር ሰዎች ሳይሆኑ እንዴት ዘር ማጥፋት ይባላል?» የሚል አይጠፋም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምር ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን አይጨምርም።

በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙም በሆላንድ አገር ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በሔግ ከተማ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከክሶቹ አንዱ በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ የተገደሉት 75 እስረኞች ጉዳይ ነበር።

ወረቀቱ የማይነግረንን ፊልም ሊነግረን ይችላል። ሪቲ ፓን ካምቦዲያዊ ነው፤ በልጅነቱ ከክመር ሩዥ አምልጦ ታይላንድ ውስጥ እንደኛው የስደተኞች ካምፕ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም፣ ከዚያ እስር ቤት በሕይወት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ የሆነው ሠዓሊ ቫን ናት የቀድሞ ዘበኞቹን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ቦታው ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ የእስር ቤቱም አለቃ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። (ለእኛ ለመምህራን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ዘበኞቹ «ታዘን ነው» ይላሉ። ሪቲ ፓን አይከራከራቸውም፤ መዝገቡን ያቀርብላቸዋል፣ ሥራችሁን አሳዩኝ ይላቸዋል። አንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ እየተመላለሰ በሌሉ እስረኞች ላይ ይጮኻል። ካሳራኒ ለማታ ተማሪዎቼ ሳሳይ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ይኼማ ዛሬም ሥራው ላይ ነው» አሉ። ከእሳቸው የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

በእኛ በኩል ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 «የወንዝ ማዕበል» የተባለውን ፊልም ሠርታለች፤ ወንድሟንና የቅርብ ጓደኛዋን ስላጣችበት ዘመን ነው። እሱ ይበልጥ የሐዘንተኛው ፊልም ነው። ዘበኛውን አስቀምጦ የሚጠይቅ የኛ ፊልም ገና ብዙ ይቀረዋል ባይ ነኝ።

መልመጃ፦ «እስረኞቹ ከማረፊያ ቤት ወጥተው እርምጃ ተወስዶባቸዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አድራጊ እያስገባችሁ እንደገና ጻፉ። ዝርዝሩን የጻፈ፣ የፈረመ፣ በር የከፈተ፣ መኪናውን የነዳ፣ የተኮሰ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ቤት ውስጥ ታላቅ ሰው ካለ የሚያስታውሱትን ቀንና ቦታ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ስም ያለበትን ወረቀት ግን በክፍል አታንብቡ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሟችም የዘበኛም ልጅ ሊቀመጥ ይችላል።