የሰኞ ማታው ትግል እንዴት ይተቻል?

ስለ ሐምሌት ቴአትር ሂስ የሚጽፍ ሰው «ልዑሉ በመጨረሻ እንዲሞት አስቀድሞ ተወስኖ ኖሯል፤ ተታለልን» ብሎ ቢቆጣ፤ አንባቢው ከመሳቅ በቀር ምን ያደርጋል? ይሁን እንጂ በቴሌቪዥን ስለሚታየው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ትግል፤ ብዙዎቻችን «ሬስሊንግ» ስለምንለው ነገር ወሬ በተነሣ ቁጥር፤ በመኝታ ክፍልም ሆነ በካፌቴሪያ የምንሰማው ፍርድ ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዱ «ውሸት ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፤ ደሙ እውነተኛ ነው» ይላል፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። እኛ ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች ዋናውን ጥያቄ የሳቱት ይመስለናል። ስለዚህ ሳምንታዊ የትግል ትርኢት በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው፤ በታወቀ ምሳሌ አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ «ውሸት ነው» የሚለውን ነገር እንጨርሰው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ይህንንም ባለቤቶቹ ራሳቸው ተናግረውታል። በ1989 የዛሬው ደብልዩ ደብልዩ ኢ ኩባንያ፤ በዚያን ጊዜ ስሙ የዓለም የትግል ፌዴሬሽን፤ ለኒው ጀርዚ ግዛት ሕግ አውጪዎች ሥራው መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር እንዳልሆነና በስፖርት ደንብ መተዳደር እንደማይገባው አስረድቷል። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ ከቤት የማይወጣ ምስጢር ነበር። ታጋዮቹ ይህን ምስጢር መጠበቅ «ኬይፌብ» ይሉታል፤ ደጉና ክፉው ታጋይ በአደባባይ አብረው እንዲታዩ እንኳ አይፈቀድም ነበር። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በበኩሉ፤ ከኩባንያው ቃል ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በ1957 በታተመው «ሚቶሎጂ» በተባለው መጽሐፉ፤ ትግል ስፖርት ሳይሆን ትርኢት መሆኑን፤ ተመልካቹም ነገሩ ስምምነት ይኑርበት አይኑርበት ከቶ እንደማይጨነቅ ጽፎ ነበር። የቦክስ ተመልካች መጨረሻውን ይጠብቃል፤ የትግል ተመልካች ግን እያንዳንዷ ቅጽበት ሥቃይን፤ ሽንፈትንና ፍርድን ቁልጭ አድርጋ እንድታሳየው ይፈልጋል።

በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ባርት ያተኰረው በፓሪስ አዳራሾች ውስጥ በሚታየው የአንድ ምሽት ትግል ላይ ነው። ሳምንታዊው የቴሌቪዥን ትግል ደግሞ ያ ትግል ያልነበረው ነገር አለው፤ ይኸውም ትዝታ ነው። «ሮው» የተባለው ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሰኞ ጃንዋሪ 11 ቀን 1993 ከኒው ዮርክ ማንሐተን ሴንተር አዳራሽ ሲሆን፤ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በ1997 ሁለት ሰዓት፤ በ2012 ሦስት ሰዓት ሆነ፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ወደ ኔትፍሊክስ ተዛወረ። ይህን ያህል ዘመን በየሳምንቱ ያለ ዕረፍት ቀጥሏል። የእግር ኳስ ውድድር የክረምት ዕረፍት አለው፤ ልብ ወለድ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ ይህ ትርኢት ግን ሁለቱም የሉትም።

ታዲያ ሰው ለምን ይከታተለዋል? ዕቁብተኛ በየሳምንቱ ገንዘቡን የሚያስገባው በዚያው ዕለት የሚያገኘው ነገር ኖሮ አይደለም፤ አንድ ቀን ዕጣው እንደሚወጣለት፤ የዕቁቡም ዳኛ ቃሉን እንደማያጥፍ አምኖ ነው። የሰኞ ማታ ተመልካችም እንዲሁ ነው። ክፉው ታጋይ በተንኰል ሲያሸንፍ እያየ የሚታገሠው፤ ቁጣውን ለሚመጣው ጊዜ ስለሚያስቀምጠው ነው። እንግዲህ የሃያሲው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዛሬ ለተመልካቹ ምን ተከፈለው? ምንስ ዕዳ ተገባለት?» የሚል ይሁን እንላለን። ማን ማንን እንደጣለ እየዘረዘረ ገጽ የሚሞላ ጸሐፊ የዕቁቡን ደብተር ሳይመለከት ሳንቲም የሚቈጥር ሰው ነው።

ምሳሌያችን ጃንዋሪ 4 ቀን 1999 ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ኩባንያዎች ሰኞ ማታ በአንድ ሰዓት ይፎካከሩ ነበር። በአንዱ ጣቢያ «ሮው»፤ በሌላው ደግሞ ደብልዩ ሲ ደብልዩ የተባለው ኩባንያ ከ1995 ጀምሮ የሚያሳየው «ናይትሮ» ነበር። የዚያን ዕለት «ናይትሮ» ከአትላንታ ከተማ በቀጥታ ሲተላለፍ፤ «ሮው» ግን ከስድስት ቀን በፊት በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ የተቀረጸ ነበር። በተቀረጸውም ዝግጅት ሚክ ፎሊ የተባለው ታጋይ ሮክን አሸንፎ ሻምፒዮን ይሆናል። የ«ናይትሮ» ተራኪ ቶኒ ሺያቮኒ ይህን ውጤት ገና ሳይታይ ለራሱ ተመልካቾች ነገራቸው፤ በምጸትም አሽሟጠጠበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ውጤቱን ያወቀ ሰው ምን ሊያይ ይሄዳል?

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ተመልካቹ ውጤቱን እንደሰማ በብዙ መቶ ሺህ እየሆነ ጣቢያውን ለውጦ ወደ «ሮው» ሄደ።

ምክንያቱን ለመረዳት ፎሊን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሰው መልከ መልካም አይደለም፤ ሰውነቱም የሻምፒዮን አይመስልም። በ1994 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ሲታገል አንገቱ በገመዱ መካከል ተይዞ የቀኝ ጆሮው ተቈርጧል። ፊቱን በቆዳ ጭምብል ሸፍኖ «ማንካይንድ» በሚል ስም፤ ትርጉሙ የሰው ልጅ ማለት ነው፤ ለዓመታት ሲወድቅና ሲነሣ ታይቷል። በታሪኩ ውስጥ የኩባንያው አለቃ ቪንስ ማክማሆን ክፉ ጌታ ሆኖ ይጫወታል፤ የሚደግፈውም መልከ መልካሙን ሮክን ነው። ይህ ሮክ ኋላ የሲኒማ ተዋናይ የሆነው ድዌይን ጆንሰን ነው። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የሚወጣው የፎሊ ዕጣ ብቻ አልነበረም፤ በሥራ ቦታው ወይም በትምህርት ቤቱ «አንተ ለዚህ አትሆንም» የተባለ ተመልካች ሁሉ ዕጣውን ይጠብቅ ነበር። ትግሉ ሲያበቃ ስቲቭ ኦስቲን የተባለው ታጋይ ሮጦ ገብቶ ሮክን በብረት ወንበር መታው፤ የደከመውን ፎሊንም በላዩ ላይ አጋደመው፤ ዳኛውም እስከ ሦስት ቈጠረ። በስፖርት ሕግ ይህ ነውር ነው። በታሪኩ ሕግ ግን የአለቃው ግብረ አበሮች ሜዳውን ከበው ነበርና፤ ወንበሩ ሚዛኑን አስተካከለ። ፎሊም ቀበቶውን ይዞ ድሉን በቤት ላሉት ልጆቹ አበረከተ።

በዚያው ምሽት በአትላንታ ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ጎልድበርግ የተባለውን ታጋይ ይጠብቅ ነበር። ጎልድበርግ ቀድሞ ለዚያችው ከተማ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሳይሸነፍ ቆይቶ፤ ከስምንት ቀን በፊት በኤሌክትሪክ መንዘሪያ ከጎን ተወግቶ ቀበቶውን በኬቪን ናሽ ተነጥቋል። ዕጣው መውጣት የሚገባው ያን ዕለት ነበር። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ በሐሰት ተከሶ ፖሊስ ያዘውና በእርሱ ፋንታ ሀልክ ሆጋን ወጣ። ሆጋን ጣቱን ብቻ በናሽ ደረት ላይ አሳረፈ፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፈው ናሽ እንደተመታ ግንድ ተዘረረ፤ ሦስት ተቈጠረ፤ ቀበቶውም ወደ ሆጋን ተላለፈ። ሁለቱ ለካ ተመሣጥረው ኖሯል።

እዚህ ላይ የሃያሲው ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ ይታያል። ከሁለቱ ፍጻሜዎች አንዱ እውነት ሌላው ውሸት አልነበረም፤ ሁለቱም የተጻፉ ናቸው። ምሥጢረኞች ተመሣጥረው ሕዝብን ማታለላቸውም በራሱ መጥፎ ሴራ አይደለም፤ ትላልቅ ቴአትሮች በዚህ ዓይነት ነገር የተሞሉ ናቸው። ጥፋቱ በጣቱ ላይ ነው። አንድ ጣት ናሽን የሚጥል ከሆነ፤ ባለፉት ወራት ያየናቸው ቡጢዎች ምን ነበሩ? ወንበሩስ፤ የኤሌክትሪኩ መንዘሪያስ? ያች ጣት የዚያን ማታ ትርኢት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የታየውንም ሁሉ ዋጋ አሳጣች። ደብልዩ ሲ ደብልዩ በማርች 2001 በተፎካካሪው ተገዝቶ ጠፋ። ኩባንያውን ጣቷ ገደለችው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግነት ይመስለናል፤ የገንዘብ ኪሳራውና የባለቤቶች መለዋወጥ ብዙ ድርሻ አላቸው። የዕቁቡ ዳኛ ገንዘቡን እንደበላ ተመልካቹ ያወቀው ግን በዚያች ሌሊት ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ነገር የተመቺው ሥራ ነው። ታጋዮች በቋንቋቸው «መሸጥ» የሚሉት አለ፤ የተቀበለውን ምት ተመልካቹ እንዲያምነው አድርጎ ማሳየት ማለት ነው። ሃያሲው ዓይኑን ከመቺው አንሥቶ ወደ ተመቺው ቢያዞር ብዙ ይማራል። በመጀመሪያው ደቂቃ ጉልበቱን የተመታ ሰው በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ እንደ ፌንጣ ሲዘል ከታየ፤ ያ ሁሉ ምት ከንቱ ሆነ። ደኅና ታጋይ ግን አሸንፎ እንኳ እያነከሰ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሰኞም ጉልበቱን በፋሻ አስሮ ይመጣል።

ማርክ ስለ መስጠትም ጥቂት እንበል። በ1980ዎቹ ዓመታት ዴቭ ሜልትዘር የተባለ አሜሪካዊ «ሬስሊንግ ኦብዘርቨር» የሚባል ጋዜጣ፤ እንደኛው መጽሔት ያለ ብዙ ጌጥ በታይፕ እየጻፈ ለደንበኞቹ በፖስታ ይልክ ነበር። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ኮከብ የመስጠትን ልማድ በይበልጥ ያስፋፋው እርሱ ነው። ከፍተኛው አምስት ኮከብ ነው ሲባል ኖሮ፤ በ2017 ኦካዳና ኦሜጋ በቶኪዮ ላደረጉት ግጥሚያ ስድስት ሰጠ። ከመቶ መቶ ሃያ እንደ ማለት ነው፤ መምህሮቻችን ይህን ልማድ ቢወስዱት የሚቃወም ተማሪ አይገኝም።

ሆኖም የኮከቡ ነገር ቀልድ ብቻ አይደለም። ውጤቱ ሲወሰን የመሬት ስበት በስብሰባው ላይ አልተገኘም። ጁን 28 ቀን 1998 በፒትስበርግ ከተማ ፎሊ አምስት ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የብረት ጎጆ ጣራ ላይ ተወርውሮ በተራኪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ፤ ተነሥቶም እንደገና ወጣ፤ ጣራው ተከፍቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ ሲጠራ መጀመሪያ የሚነሣው ይህ ነው። ሻምፒዮን በሆነ በሃያኛው ቀን፤ ጃንዋሪ 24 ቀን 1999፤ እጆቹ በካቴና ወደ ኋላ ታስረው ሳለ ሮክ ከአሥር ጊዜ በላይ ራሱን በወንበር መታው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ የሚያሳየው ሥዕል «ቢዮንድ ዘ ማት» በተባለው የ1999 ዘጋቢ ፊልም ውስጥ አለ። እኛ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ታሪኩ ስንት ምት ይፈልግ ነበር? ሮክ ጨካኝ መሆኑን ሁለተኛው ምት ነግሮናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለታሪኩ የጨመረው ነገር የለም፤ ከሰውየው ጭንቅላት ግን ቀንሷል። ኩባንያው ራስን በወንበር መምታት የከለከለው በ2010 ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ለከፍታና ለደም ኮከብ ሲያድል የኖረ ሃያሲ ሁሉ ታጋዮቹ ከፍ ወዳለ ቦታ እንዲወጡ መሰላል ሲያቀብል ነበር።

በዚያው ዓመት ሜይ 23 ቀን እሑድ፤ ኦወን ሃርት የተባለው ካናዳዊ ታጋይ በካንሳስ ሲቲ አዳራሽ ከጣራ በገመድ ተንጠልጥሎ መውረድ ነበረበት። የሚጫወተው የሚያስቅ የጀግና ገጸ ባሕርይ ነው፤ አወራረዱም ለሣቅ የታሰበ ነበር። መያዣው ተፈታና ሃያ አራት ሜትር ያህል ወድቆ ሞተ። አወዳደቁ በቴሌቪዥን አልታየም፤ በዚያች ቅጽበት ቀድሞ የተቀረጸ ቃለ ምልልስ ይታይ ነበር። ተራኪው ጂም ሮስ ግን ይህ የዝግጅቱ ክፍል እንዳልሆነ፤ በእርግጥ የሆነ ነገር እንደሆነ ለተመልካቹ ማስረዳት ግድ ሆነበት። በየሳምንቱ ለተጻፈው ሥቃይ ሁሉ ሲጮኽ የኖረ ሰው፤ ያልተጻፈው ሲመጣ የሚለይበት ቃል አልተረፈውም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

በማግሥቱ በሴይንት ሉዊስ የቀረበው «ሮው» ታሪኩን ሁሉ ለአንድ ማታ አቆመ። ታጋዮቹ ቆመው ደወሉ አሥር ጊዜ ተደወለ፤ በክፋታቸው የታወቁት ሳይቀሩ ስለ ባልንጀራቸው እያለቀሱ ተናገሩ። ስለዚያ ሰኞ ሂስ እንድንጽፍ ብንጠየቅ ኮከብ አንሰጥም፤ የምንጽፈውም ስለ እሑዱ ይሆናል። እሑድ ማታ ሃርት ወደ ሐኪም ቤት ከተወሰደ በኋላ ዝግጅቱ አልተቋረጠም፤ የቀሩት ታጋዮች እርሱ በወደቀበት በዚያው መድረክ ላይ እየተጠሩ እስከ መጨረሻው ታገሉ።