ስለ ዶሮ ኩስና ስለ ዱባ ተክል

የዶሮ ኩስ ለደከመ መሬት ብርቱ ፍግ ነው፤ አትክልትን የሚያሳድጉት ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም በውስጡ ይገኛሉና። ነገር ግን ትኩሱ ኩስ የዱባውን ሥር ያቃጥላል፤ ዘሩም የገበሬውም ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ኩሱ ከገለባ ጋራ ተቀላቅሎ፣ ዝናብ እንዳያጥበው ተከድኖ፣ አልፎ አልፎም እየተገላበጠ 6 ወር ያህል ይቆይ። ሽታው ጠፍቶ አፈር ሲመስል ተብላልቷል ማለት ነው። አመድ አይጨመርበት፤ ናይትሮጅኑን ያበንነዋልና።

በተከላ ጊዜ በየጉድጓዱ 2 እፍኝ ከአፈር ጋራ ይደባለቅ፤ ቢበዛ ሐረጉና ቅጠሉ ይበረክታል፣ ፍሬው ግን ያንሳል። መምህሩም በትምህርት ቤቱ ጓሮ አንዱን ዱባ በተብላላ ኩስ፣ ሁለተኛውን ያለ ኩስ ይትከል፤ ተማሪዎቹ ሁለቱን አስተያይተው፣ በየቤታቸው ተጠርጎ የሚጣለው ነገር ሀብት መሆኑን ለወላጆቻቸው ይነግራሉ።