ያገለገለ ፒክአፕ ለአጥቢያ ሲገዛ፦ በፎገራ ሜዳ ውሃ የሚያደርሰው ጉዳትና የጥገናው ወጪ

አንድ ሰበካ ጉባኤ የልማት ገንዘቡን አጠራቅሞ ያገለገለ ፒክአፕ ለመግዛት ሲመክር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በወረታና በአካባቢዋ ከዚህ የሚቀድም ሌላ አለ፤ ይኸውም መኪናው በምን ዓይነት ውሃ ውስጥ ሲመላለስ ኖሯል የሚለው ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ ለሚያውቅበት ሰው ቀላል ነው፤ ውሃ ያደረሰውን ጉዳት መሸሸግ ግን ይከብዳል።

የቦታውን ጠባይ አንባብያን ያውቁታል። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ወደ ጣና የሚያዘቀዝቀው ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ለሩዝ ማሳው በረከት የሆነው ይህ ውሃ ለመኪና ጠላት ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈርም ርጥብ ሳለ በፍሬንና በሻንሲ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል። ስለዚህ ሻጩ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አስፋልት ላይ ነድቶ ማሳየቱ ብቻ አይበቃም።

ውሃ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ይጠቅማል። መኪናው ሲጓዝ የኋላ ዲፈረንሻሉ ይሞቃል። እንደሞቀ ቀዝቃዛ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ወይም ኦይል ሲሉ ካረጀ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፤ የጥርሶችን መፋተግ የመከላከል ኃይሉንም ያጣል። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት መካኒኩ የዲፈረንሻሉንና የካምቢዮውን ዘይት በጥቂቱ አውጥቶ ለኮሚቴው ያሳይ። ጉዳቱ በጊዜ ከተገኘ ወጪው የዘይትና የኦይል ሲል ዋጋ ነው፤ ከዘገየ ግን ኩሽኔታውና ጥርሱ ተበልቶ ዲፈረንሻሉ በሙሉ ይለወጣል። መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ቀጥሎ ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ በዚህ ሜዳ ለሚሠራ መኪና ከዚህ የሚሻል ርካሽ ጥገና አናውቅም።

ስለ ሞተሩ በሀገራችን እጅግ የተለመደውን ቶዮታ ሃይሉክስን እንውሰድ። የቀድሞዎቹ «3ኤል» እና «5ኤል» የናፍጣ ሞተሮች ጉልበታቸው አነስተኛ ቢሆንም በቀላል መሣሪያ ይጠገናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በመጣው ሃይሉክስ ላይ የሚገኘው «2ኬዲ» ግን ናፍጣን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭ ስለሆነ ውሃና ቆሻሻ አይችልም። በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ናፍጣ የሚቀዳለት ከሆነ ፍልትሮውን ቶሎ ቶሎ መለወጥና የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ግድ ነው። ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ ደግሞ የቃጠሎው ጥላሸት ወደ ሞተር ዘይት ይገባል፤ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ሲደፍነውም ሞተሩ ያለ ዘይት ሠርቶ ይነክሳል። ቀለበቷ ትንሽ ናት፤ የምታስከትለው ግን ሞተር ማውረድን ነው። የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተለወጠ በጽሑፍ ማስረጃ ካልቀረበ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ በግዢው ዕለት መለወጥ ይገባል፤ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ይጋጫሉና።

የመለዋወጫ ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገዛበትን ዋጋ ይዞ በጀት መያዝ ኮሚቴውን ያሳስታል። የተሻለው መንገድ መካኒኩ የሚለወጡትን ዕቃዎች (ጎማ፣ ባትሪ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ) በዝርዝር ጽፎ እንዲሰጥ ማድረግ፣ በዝርዝሩም ከሦስት መደብሮች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ድምሩን ከሻጩ ጋር በሚደረገው ድርድር ማቅረብ ነው። ሻጩ ቢቀንስም ባይቀንስም የጥገናው ገንዘብ ከግዢው ገንዘብ ጋር በአንድ ቃለ ጉባኤ ይጽደቅ፤ የግዢው ብቻ ጸድቆ የጥገናው «በኋላ ይታያል» ከተባለ መኪናው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ይቀራል።

በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነም ቀረጡ መከፈሉ ሳይረጋገጥ ውል አይፈረም።

ጭነትን በተመለከተ አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው፤ የተሳፋሪዎቹም ክብደት ከዚህ ይቀነሳል። ሩዝ እስከ 15 ኩንታል ሲጫንበት የኖረ መኪና ባሌስትራው ተኝቶ፣ ሻንሲውም ከጋቢናው ኋላ ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። ስንጥቁ በብየዳና በአዲስ ቀለም ሊሸፈን ስለሚችል ከሥር ገብቶ በባትሪ መብራት ማየት ያስፈልጋል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ሾፌሩ በጎርፍ መካከል ሞተሩ ቢጠፋበት መልሶ ለማስነሣት ፈጽሞ አይሞክር። ውሃ በፒስቶን አይታመቅምና አንድ ጊዜ ሞቶሪኖ መምታት ብቻውን ቢየላውን ሊያጣምም ይችላል። መኪናው ተጎትቶ ይውጣ፤ ከዚያም አየር ማጣሪያው ይታይ፣ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ውሃው ይውጣ፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይቶችም ይለወጡ።