የወፍ በሽታ በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ ያለው ስርጭትና ለሠፈራ ሥራ ያለው ትርጉም

በምዕራብ ጎጃም፣ በወምበርማ ወረዳ፣ በሽንዲና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረና ምግብ ያስጠላው ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ የሸናችበት ሰው በዚህ ሕመም ይያዛል የሚለው እምነት ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እምነቱ ሊናቅ አይገባውም፤ ሕዝቡ በሽታውን ለይቶ ማወቁንና ስም መስጠቱን ያሳያልና። ይሁን እንጂ ጥንቃቄው ሁሉ ወደ ጣራ ሲያመለክት ምንጩና እንስራው ተረስተው መቅረታቸው ጉዳት አለው።

የሽንዲና የቡሬ አገር በበቆሎውና በበርበሬው እንጂ በድርቅ የሚታወቅ አይደለም። ሆኖም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ተነሥተው ወደ ፓዌ የተወሰዱት ሠፋሪዎች ያረፉት በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ቆላ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች በቻግኒ ራንች ተጠልለው ነበር፤ ከወለጋ የተፈናቀሉትም ዐባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም መጥተዋል። ባለ አገሩና እንግዳው ከአንድ ምንጭ መቅዳት በሚጀምሩበት ጊዜ፣ ማን ከዚህ ቀደም በበሽታው ተይዞ እንደ ዳነና ማን እንዳልተያዘ ማወቅ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የሠፈራና የመጠለያ ሠራተኛም ጉዳይ ይሆናል።

የወፍ በሽታ አንድ በሽታ አይደለም። ጉበትን የሚያሳብጡ ቫይረሶች በርካታ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ አማካይነት በአፍ የሚገቡ ናቸው። ኢ የተባለው ተለይቶ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ፣ የያሙና ወንዝ ሞልቶ የከተማው ፍሳሽ ከመጠጥ ውኃው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ 29,000 ያህል ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ታመሙ። ለብዙ ዘመን ሄፓታይተስ ኤ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ ተጠብቆ የቆየው ደም በኋላ ሲመረመር አለመሆኑ ታወቀ። ቫይረሱን በ1983 በማይክሮስኮፕ ያየው ባላያን የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት ሲሆን፣ በአፍጋኒስታን ከታመሙ ወታደሮች የተገኘውን ናሙና ራሱ ጠጥቶ፣ ታሞ፣ ከራሱ ዓይነ ምድር አገኘው። ማንም ሊከተለው የሚገባ ዘዴ አይደለም።

ስርጭቱ የሚለካው በደም ውስጥ በሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች ይሳሳታሉ። «ከመቶው 30» የሚል አኃዝ ከመቶ ሰዎች 30ው ታመዋል ማለት አይደለም፤ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ፣ ምናልባትም ሳይታወቃቸው፣ ተይዘው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቀሪው ቁጥር ከተነገረው ቁጥር ይበልጥ ትኩረት ይሻል። በአዲስ አበባ በ386 ነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ፀረ እንግዳ አካሉ የተገኘው በ31.6 በመቶው ነበር። ከሦስት እናቶች ሁለቱ ያህል ቫይረሱን ከዚያ በፊት አላገኙትም፤ መከላከያም የላቸውም ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በግብፅ በናይል ደለል በተጠኑ የገጠር መንደሮች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲኖረው፣ በነፍሰ ጡሮች ዘንድ 84 በመቶ የደረሰበት ጥናት አለ። በዚያ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ይያዛሉ፤ በልጅነት የያዘ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በአሜሪካ ከ1988 እስከ 1994 በተሰበሰበ ደም 21 በመቶ፣ በ2009 እና በ2010 ደግሞ 6 በመቶ ተገኝቷል፤ የመመርመሪያው ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ስለሚለያይ ሁለቱን ማወዳደር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሣይ ከደም ለጋሾች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መገኘቱ ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ውኃ አይደለም፤ በዚያ ያለው የቫይረሱ ዝርያ በአሳማ የሚኖርና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ የሚተላለፍ ነው። በእኛ አገር ወረርሽኝ የሚያስነሡት ዝርያዎች ከሰው ወደ ሰው በውኃ የሚሄዱት ናቸው።

ሄፓታይተስ ኤ በአገራችን ሕፃናትን ገና በጨቅላነት ስለሚያዳርስ አዋቂው ከሞላ ጎደል ሁሉ ተከላክሎታል። ኢ ግን ብዙዎችን ሳይነካ እስከ ጉልምስና ያቆያቸዋል። ያልተነኩት በአንድ ሰፈር ታጭቀው ከአንድ የተበከለ ውኃ ሲጠጡ የሚወድቁት ከ15 እስከ 40 ዓመት ያሉት፣ ቤት የሚሠሩትና ምድር የሚያለሙት ናቸው።

ለዚህ ማስረጃው ከራሳችን ሕዝብ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1985 በምሥራቅ ሱዳን፣ በ1986 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ በቱግ ወጃሌ በተጠለሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል በሽታው ተነሥቶ፣ በቱግ ወጃሌ ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ከሟቾቹም መካከል የነፍሰ ጡሮች ቁጥር ከፍ ያለ ነበር። በ1981 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በሠራዊቱ አባላት ላይ የደረሰውን ወረርሽኝ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው አጥንተው ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን አረጋግጠዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች የወፍ በሽታ በያዛቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ባደረጉት ሌላ ጥናት ከግማሽ በሚበልጡት መንሥኤው ይኸው ቫይረስ ሆኖ ተገኝቷል። ከሚያዝያ 2006 እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች 1,117 የተጠረጠሩ ሕሙማን ተመዝግበው 21 ሰዎች ሞተዋል።

በሠፈራ ሥራ ከሁሉ የሚያሳስተው የጊዜው ርዝመት ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር፣ በአማካይ 40 ቀን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በመንገድ ላይ በነበረ ማረፊያ ውኃ የጠጣው ሰው የሚታመመው አዲሱ መንደር ከደረሰና ጎጆ ከቀለሰ በኋላ ይሆናል። ሠራተኛው የአዲሱን መንደር ምንጭ ሲከስስ ጥፋቱ ያለው ከኋላ በቀረው ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎች ተጓዦችም በዚያው እያለፉ ይጠጣሉ።

ስለ ውኃ ክሎሪን ጨምረናል ብሎ መተማመን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምዕራብ ዳርፉር በሞርናይ መጠለያ በስድስት ወር 2,621 ሰዎች ሲታመሙ፣ ክሎሪን የተጨመረበትን የወንዝ ውኃ የሚጠጡት ይበልጥ መጠቃታቸው ታውቋል። ድፍርስ ውኃ ክሎሪኑን ይበላዋል። በመሆኑም ውኃው አስቀድሞ እንዲጠል መደረግ፣ ክሎሪን ከተጨመረም በኋላ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መቆየት አለበት፤ ቀሪው ክሎሪንም በቦቴው ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ጀሪካን ውስጥ መለካት ይኖርበታል። በሰሜን ኡጋንዳ በኪትጉም ከ2007 ጀምሮ ከ10,000 በላይ ሰዎች የታመሙበት ወረርሽኝ የተራዘመው በቤት ውስጥ ባለ የውኃ ዕቃና በእጅ ንጽሕና ጉድለት ጭምር ነው። በጎጃም ገጠር ደግሞ ጠላው ባልፈላ ውኃ የሚጠመቅ መሆኑ አይዘነጋ። ለደቦና ለማኅበር የሚቀርብ አንድ ጋን ብዙ ሰው ያዳርሳል።

ከበሽተኞቹ አብዛኛዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያሉ ነፍሰ ጡሮች ግን ሲያዙ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ክትባት በቻይና ከ2011 ጀምሮ ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ በወረርሽኝ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2022 በደቡብ ሱዳን በቤንቲዩ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለሚሰጥ ነገ ለሚነሣ ተጓዥ አይደርስም። ስለዚህ በምዝገባው ቅጽ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተለይተው፣ የእርግዝናው ወር ተጽፎ፣ በየሳምንቱ ዓይናቸው በቀን ብርሃን እንዲታይ፣ ቢጫ የሆነባትም እናት በዚያው ቀን ከጤና ኬላው ወደ ሆስፒታል እንድትላክ ማድረግ ያስፈልጋል። ለታመመ ሰው ሁሉም ባለፉት ሁለት ወራት ያደረባቸው ቦታዎች በቅደም ተከተል ሊጻፉ ይገባል።