የቤተ መጻሕፍት ተማሪ ረዳቶችን ለተግባር ቴክኖሎጂ ማሠልጠን

አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ ብሬድቦርድ (ሽቦ ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ) እና መሰል የመማሪያ ዕቃዎች በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ፣ ተጠቃሚው ቀድሞ የሚጠይቀው ተማሪ ረዳቱን ነው። ስለዚህ ሥልጠናው የሚጀምረው ከምርጫ ነው። በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ረዳት ከእንዳየሱስ ግቢ የምህንድስና ተማሪዎች መውሰድ ቀላል ይመስላል። ከዓዲ ሓቂ የቢዝነስ፣ ከዓይደር የጤና ተማሪዎች ቢቀላቀሉ ግን ይሻላል፤ ጀማሪ የት ላይ እንደሚደናገር የሚያውቀው በቅርቡ ራሱ የጀመረ ነው። መሠረታዊ ኤሌክትሮኒክስን ማስተማር ይቻላል፤ ትዕግሥት የሌለውን ማስታገሥ ግን ከባድ ነው።

ቀጥሎ የጠረጴዛው ኮምፒውተሮች ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ይዘጋጃሉ። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በክልሉ ስልክ፣ ኢንተርኔትና መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ስለነበር፣ ይህ በመቐለ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። የአርዱዊኖ ፕሮግራም ኔትወርክ ባለበት ቀን ተጭኖ አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ አንዳንድ ክፍሎቹ የሚወርዱት ሲከፈት ነውና። ርካሽ ቦርዶች የሚፈልጉት የሲ.ኤች. 340 ድራይቨርም አብሮ ይቀመጣል። ውክፔዲያን ከኢንተርኔት ውጭ የሚያስነብበው ኪዊክስም ቢታከል ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ አንዲት ኤል.ኢ.ዲ. ማብራት ነው። ረጅም እግሯ በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል ከ13ኛው ፒን፣ አጭሩ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል። ፒኑ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. 2 ቮልት ገደማ ትወስዳለች፤ የቀረው 3 ቮልት ለ220 ሲካፈል 14 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል። ረዳቱ ይህን ስሌት በራሱ እጅ ወረቀት ላይ ይሠራዋል፤ ያለ ሬዚስተር ማገናኘት ለምን እንደሚያቃጥል የሚገባው ያኔ ነው።

ዋናው ሥልጠና ብልሽት ፍለጋ ነው። አሠልጣኙ ሆን ብሎ ኤል.ኢ.ዲ.ዋን ይገለብጣል፣ የተሳሳተ ፖርት ይመርጣል፣ ወይም ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ የዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ይሰካል። የመጨረሻው ብዙ ሰዓት የሚያባክን ነው፦ ቦርዱ ላይ መብራት ይታያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ቦርዱን አያየውም።

ከዚያ ረዳቶቹ ጥንድ ሆነው እንደ ረዳትና ተጠቃሚ ይለማመዳሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ረዳቱ ማውሱንም ሽቦውንም አይነካም። «ምን ይሆናል ብለህ ነበር? የሆነውስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው በሚቀለው ቋንቋ፣ በትግርኛም በአማርኛም። የሚጓጓ ረዳት ይህን ሕግ ቶሎ ይጥሳል፤ አሠልጣኙ ደጋግሞ ማረም ያለበትም ይህንኑ ነው። እጅ የሚፈቀደው ለደኅንነት ብቻ ነው፦ ነገር ከጋለ ገመዱ ይነቀላል፣ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር የተያያዘ ዕቃም በጠረጴዛው ላይ አይከፈትም።

ጠረጴዛውን ለብቻው የሚረከበው፣ አሠልጣኙ ሆን ብሎ የፈጠራቸውን ሦስት ብልሽቶች ያለ እርዳታ ያገኘና ዕቃ ቆጥሮ በመዝገብ መፈራረም የለመደ ነው። ነባሮቹ ተመርቀው ስለሚሄዱ፣ ተተኪዎች ከምረቃው በፊት ባለው ሴሚስተር አብረዋቸው መቀመጥ አለባቸው።